የሰባቱ በሮች የኔታ

«የኔታን ገደሉት» አለችኝ እናቴ በስልክ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም። «እዚያው ሮብ ገበያ ከተማ። ከገበያ ሲመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ሆነው በዱላ።»

ባሕር ዳር በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ምን አደረጋቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ራሷ ቀጠለች።

«ገብሱን በረዶ መታው። በረዶውን የጠራው እሱ ነው አሉ፣ ደጋሚ ነው አሉ። ገዳዮቹ ተይዘዋል። እሱንም ቀብረውታል፤ ግን ያለ ስም ነው የቀበሩት።»

«ያለ ስም ማለት?»

«የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ቄሱ ‹ስሙን አንተ ታውቃለህ› እያሉ ፈቱት አሉ። እንዲህም ፍትሐት የለ፣ ልጄ። ምስኪን።»

ስልኩን ዘግቼ ቀኝ እጄን አየሁት። ያን ሰው ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እጄን ነው።

ስሙ ይትባረክ ነበር። የኔታ ያልነው ለቀልድ ነው፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም። ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጣ የቅኔ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን ለመምህሩ ጧፍ ሊገዛ ደብረ ማርቆስ ይገባል፤ በቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ከድምፅ ማጉያው የሰይፍ ፍጭት ይሰማል። ገባ። ጧፉን በሰው ላከው፤ እሱ ግን አልተመለሰም። «መምህሬ ‹ጧፉ ደርሷል፣ ብርሃኑ የት ቀረ?› ብለው ልከውብኝ ነበር» እያለ ይስቃል።

ቪዲዮ ቤቱ የኛው ግቢ ውስጥ ነበር። እናቴ ከመንገዱ በኩል ያለውን ሰፊ ክፍል ለጋሽ አንዷለም አከራይታዋለች። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንዶች ይሞሉታል፤ ሴት ልጅ አትገባም። በኛ የእህል ጓዳና በአዳራሹ መካከል ያለው ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ድሮ የመብራት ሽቦ ያለፈበት ቀዳዳ ነበር። የገብስ ጆንያ ላይ ከተቀመጥኩ ቀዳዳው ልክ ዐይኔ ላይ ይመጣል። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከሰው ጋር ለመነጋገር በጣም የማፍር ልጅ ስለነበርኩ ዓለምን በቀዳዳ ማየት ተስማምቶኝ ነበር።

የኔታ ሥራው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ማስረዳት ነበር። ፊልሙ የሚናገረውን እንግሊዝኛ በደንብ የሚያውቅ የለም፤ እሱም ከፊደሉ አያልፍም። በቀጭን ሸንበቆ የሰዎቹን ፊት እያመለከተ «አፋቸውን ተዉት፣ ዐይናቸውን ስሙ» ይላል። አንድ ነገር ሊፈታ ሲል ግራ ጆሮውን ያሻል። ጆሮውን ካሸ አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ደርዘን ከሚሆኑት ተከታታይ ፊልሞች ሁሉ ከተማውን ያሳበደው ሲዲው ላይ ስም የሌለው አንዱ ነበር። እኛ «ሰባቱ በሮች» አልነው። ኦርዳና የምትባል ጥቁር ካባ የለበሰች ጠንቋይ ወንድሟን፣ ሞግዚቷንና አንድ ነጭ ውሻ አስከትላ፣ ሰባት የተዘጉ የተራራ በሮችን አልፋ አባቷን የገደለውን ንጉሥ ልትበቀል ትሄዳለች። በያንዳንዱ በር ላይ በትሯን ታነሣለች፣ የማይሰማ አንድ ቃል ትናገራለች፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ፊልሙ አይናገርም። ስለዚህ እኛ ተናገርንለት።

ሥጋ ቤት ያለው ሻረው የዱላው ወገን አለቃ ነበር። አንገቱ ወፍራም፣ ድምፁ የግቢያችንን ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። ኃይሉ በትሩ ውስጥ ነው ይላል፤ ግማሹ አዳራሽ ከሱ ጋር ነው። የኔታ ግን ሦስተኛው በር በተከፈተበት ቅዳሜ ጆሮውን አሸ። ኦርዳና ወንድሟ ቆስሎ ሲጣራ ዞር ብላ ሳታየው አልፋው ነበር።

«ኮርታ ነው!» አለ ሻረው። «ሥልጣን ሲመጣ ወንድም አይታወቅም።»

«አልኮራችም። ስሙን አጥታዋለች።»

«ስም እንደ በግ ይጠፋል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የኔታ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ከመጀመሪያው በር በኋላ ውሻውን ስትጠራው ሰምታችኋል? ከሁለተኛው በኋላ ሞግዚቷን? እስቲ ልጠይቃችሁ። አስማት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ድግምት!» አለ አንዱ።

«እሱ የገበያ ትርጉሙ ነው። በግእዝ ስም ይላል፣ ሲበዛ አስማት ይላል። አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው። ኦርዳና በሩን የምትከፍተው የምትወደውን ሰው ስም ከፍላ ነው። ዱላው ሰሙ ነው፤ ወርቁን ቆፍሩ።»

«ዱላ ሳይነሣ የተከፈተ በር የት አይተህ ታውቃለህ?» አለ ሻረው።

ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸ። ጋሽ አንዷለም ማንም ዱላውን በር ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይገባ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ዱላ የሚለው ቃል ሲነሣ ሁሉም የራሱን አስታወሰ። ማን ቀድሞ እንደሮጠ አላየሁም። ያየሁት አግዳሚው ሲገለበጥ፣ አንድ ወጣት ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዐይኑን ሲጋርደው፣ የኔታም በሸንበቆው ሊገላግል ገብቶ በክርን አፉን ሲመታ ነው። ገላጋይ በዝቶ ሲበርድ የኔታ የፊት ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፍቶ አየው።

«ጥርሱ ወልቋል» አለ። «ክርክሩ ግን አልተመለሰም።»

አራተኛው በር ላይ ወንድምየው እግሯ ላይ ወድቆ ሲለምናት ኦርዳና አጭር ነገር ተናገረች። እንግሊዝኛ ይቀናኝ ስለነበር ገባኝ። ሳላስበው በቀዳዳው «‹አላውቅህም› አለችው» አልኩ። ለራሴ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የየኔታ ሸንበቆ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «‹አላውቅህም› አለችው!» አለ፤ አዳራሹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ።

ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ የኔታ ሲጠርግ መጥቶ ቀዳዳው አጠገብ ቆመ።

«ከግድግዳው ጀርባ ያለሽው» አለ። «እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?»

አልመለስኩም።

«ግድ የለም። አለመሄድሽም መልስ ነው።»

ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በእርስዎ ልጠራው ስሞክር ሳቀብኝ፤ «እታለም፣ ጥርስ የሌለው ሰው በእርስዎ አይጠራም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከፊልሙ በኋላ ግድግዳው መካከላችን ሆኖ እንሠራ ነበር፤ እናቴ ጓዳ ውስጥ ትምህርት የማጠና ይመስላታል። እኔ የተናገሩትን እተረጉማለሁ፣ እሱ ምን ማለት እንደሆነ ይፈታል። ቅኔ በቃል ነው የሚማሩት ይላል፤ እውነትም የእጅ ጽሑፉ እንደ ዶሮ ጭረት ነበር። የኔ ግን የተመሰገነ ነው። ስለዚህ እሱ እያስጻፈ እኔ በደብተር እጽፍ ነበር፤ የትኛው በር በየትኛው ስም እንደተከፈተ፣ ከተመልካቹ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ። ሻረውም አለበት፤ «የሻረው ሐሳብ መዘለል የለበትም፣ ብርቱ ጠላት ነው» ይለኝ ነበር። የሰው ስም በመጣ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የተከበረ ስም በቀይ እንደሚጻፍ ነግሮኝ ነበርና ገጹ አማረልኝ።

«ርእሱን ምን እንበለው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አስማት ዘሰባቱ በሮች።»

«የሰባቱ በሮች ስሞች ብንለውስ?»

«አማርኛው ይሳሳል።»

በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። ክፉ ነገር ሊመጣ እንደሚችል አልታየኝም አልልም። ሽው ብሎብኛል። ግን ፊደሉ ቆንጆ ነበር።

አምስተኛው በር ያለፈ ዕለት ጆሮዬን ወደ ቀዳዳው እንዳስጠጋ ነገረኝና የክርስትና ስሙን ነገረኝ። ደነገጥኩ፤ የቆሎ ተማሪ የክርስትና ስሙን ይሸሽጋል፣ በስም ይደገማል ስለሚባል።

«ይህን አትጻፊው» አለኝ። «ኦርዳና ሰባተኛው በር ላይ የምትከፍለው የራሷን ስም ነው። ያን ጊዜ ስሟን አውቆ የሚጠራት አንድ ሰው ካልተገኘ ጠፍታ ትቀራለች። እናቴ ሞታለች፤ የኔን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር።»

የስድስተኛው በር ቅዳሜ ሻረው መጥቶ አሾፈበት። «አንተ አብሾ ጠጪ! ስም በር የሚከፍት ከሆነ እስቲ በኔ ስም ክፈት!» አብሾ ትምህርት ያስገባል ብለው የቆሎ ተማሪዎች ይጠጡታል የሚባል የሚያሰክር ቅጠል ነው። የኔታ ሸንበቆውን እንደ ኦርዳና አነሣ፣ ዐይኑን ጨፈነ።

«ሻረው! በስምህ ስድስተኛውን በር ከፈትኩት!»

ሁሉም ሳቀ፤ ሻረውም ሳቀ። ሰኞ ዕለት ሻረው አጥንት ሲከተክት መጥረቢያው ሁለት የግራ እጅ ጣቶቹን ወሰዳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው የመጣው ፊልም ሊያይ አልነበረም። ዱላውን በር ላይ ያስቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። ቀዳዳው ላይ ስደርስ ቴሌቪዥኑ ተገልብጦ ነበር፤ ከሥሩ ያገኙትን፣ ለየኔታ ጠቅልዬ በቀዳዳው ያቀበልኩትን ደብተሬን ሻረው በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ ደግፎ ያነብ ነበር።

«አስ... ማት... ዘሰባቱ...»

ገጽ ገለጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስሜ! ስሜን በደም ጽፎታል!»

የኔታ ሳቀ። ስሕተቱ ይህ ነው፤ የእውነት አስቆት ነበር። «ደም አይደለም ወንድሜ፣ እስክሪብቶ ነው። አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው ብዬ አላስተማርኳችሁም? የእናንተን ስም ነው የሰበሰብኩት።»

«ሰማችሁ? ስማችንን ሰበሰብኩ አለ! በራሱ አፍ!»

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጉልበቱን አጠፈው። ድምፁን እስካሁን አውቀዋለሁ፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር እንደሚያሰማው ነው። ጋሽ አንዷለም መካከል ገብቶ ደብተሩን ነጠቀ።

«ቆይ፣ ቆይ እናንተ! ይሄ የሱ ጽሑፍ አይደለም። እሱ ፊደል መቼ ያቆማል? ይሄ የሴት ልጅ ጽሑፍ ነው። ማነው የጻፈው? ተናገር አንተ፣ ትድናለህ!»

የኔታ ወለሉ ላይ ነበር። አፉ በደም ተሞልቷል። ፊቱ ወደ ቀዳዳው ነበር፤ ዐይኑን ግን ወደ ቀዳዳው አላነሣም። አንድ ጊዜ እንኳን።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

«በየትኛው እጅህ?» አለ ሻረው።

ቀኝ እጁን ዘረጋ።

እጁን የተገለበጠው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ሁለት ሰው ያዘው። ሻረው ዱላውን በደህና እጁ አነሣ። ከኋላ አንዱ መቁጠር ጀመረ፤ «አንደኛ በር!» ሌሎቹ ተቀበሉት። «ሁለተኛ በር!» ሦስተኛው ላይ የኔታ ጮኸ። አምስተኛው ላይ ጩኸቱ ተቋረጠ። ሰባት ድረስ ቆጠሩ።

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ያንን ሁሉ የጻፈውን እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ እነክስ ነበር። ጣቴ እስኪደማ ነከስኩት፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

ደብተሩን ግቢያችን ውስጥ አቃጠሉት። የኔታን ጋሽ አንዷለም በጋሪ ወደ ሐኪም ወሰደው። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ የሰባተኛው በር ሲዲ ማርቆስ አልደረሰም። የኔታም ሲሻለው ወደ ሮብ ገበያ ሄደ፤ ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በዚያም የሚጠሩት «ስም ሰብሳቢው» እያሉ እንደሆነ ሰማሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ከዕረፍት ስመለስ ማርቆስ መናኸሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ወደ ውስጥ ታጥፎ ደርቋል። ሲያየኝ ፊቴን አላወቀውም፤ ለካ አይቶኝ አያውቅም። «የኔታ» ስል በድምፄ አወቀኝ።

«ከግድግዳው ጀርባ ያለሽው!» ብሎ ተነሣ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። በግራ እጁ ጽሕፈት እየተማረ ለልጆች ፊደል እንደሚያስቆጥር፣ ግራው ከድሮው ቀኝ እንደሚሻል ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እታለም፣ መጨረሻውን አየሽው?»

አይቼው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጓደኛዬ ኮምፒውተር። ልዋሸው አሰብኩ።

«ዱላው ነው» አልኩት። «ኃይሉ በትሩ ውስጥ ነበር። ሰባተኛው በር ላይ በትሩ ተሰበረና ኃይሏ አለቀ። ስለ ስም ምንም አላሉም።»

አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ሻረው ልክ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

ሳቀ። ጆንያው ላይ ተመልሶ ወድቆ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ሰዎች እስኪያዩን ድረስ ሳቀ። «ንገሪው እንጂ! ጣቱን ባይመልስለትም ደስ ይለዋል!» ከዚያ ግራ ጆሮውን በግራ እጁ አሸና ኮስተር አለ። «ግን ደራሲዎቹ ተሳስተዋል። ወንድሟን ለምን አላወቀችውም ታዲያ? ምክንያት የሌለው አስማት ውሸት ነው።»

«የኔታ» አልኩት፣ «ያን ቀን እኔ...»

«አውቶቡስሽ ሞላ።»

«ልንገርህ፣ እኔ...»

«ስሜን ረስተሽዋል?»

«አልረሳሁም።»

«እንግዲያ ምንም አልጎደለም። ሂጂ።»

ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የእናቴን ስልክ ነው።

«ዐርባውን እኛ እናውጣለት» አልኳት እናቴን። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። አሁን ሳስበው እሷም ጓዳው ውስጥ የማደርገውን ታውቅ ነበር መሰለኝ።

ሮብ ገበያ ስንደርስ የጮቄ ተራራ ነፋስ ፊት ይቆርጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ አንድ ሰው ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ካባው ውስጥ የከተተውን ግራ እጁን ሳላይ አላወቅኩትም።

«ጋሼ ሻረው።»

«የዚያ ግቢ ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ለዓመታት ያላወጣሁት ነገር ነው፤ ሲወጣ ግን በሹክሹክታ ነበር። «ያን ደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

«አውቅ ነበር።»

ያልሰማሁት መሰለኝ።

«የሥጋ ቤቴን ሰሌዳ የጻፈልኝ እሱ ነበር» አለ። «ሥጋ የሚለውን እንኳን አጣሞ ነው የጻፈው። ጽሑፉን የማላውቀው ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን?»

ካባው ውስጥ ያለው እጁ ተንቀሳቀሰ። «ጠጥቼ ነበር ሰኞ ዕለት። በገዛ መጥረቢያዬ ጣቴን ቆረጥኩ ብዬ ለማን ልንገር? ደገመብኝ ማለት ቀለለኝ።» ወደ መቃብሩ አየ። «የዚህ አገር ሰዎችም ያንን ሰምተው ነው በረዶውን በሱ ያሳበቡት።»

ልመታው ፈለግሁ። ዱላው ግንቡ ላይ ተደግፎ ነበር፤ እጄ ሲዘረጋ አየሁት። እሱም አየው፤ አልሸሸም። እጄን መልሼ ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት። ዝም ያልኩት እኔም ነኝ።

መቃብሩ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ከገዳዮቹ ዘመዶች አንዳንዶቹም መጥተው ራቅ ብለው ቆመዋል፣ ዱላቸውን ይዘው፤ ደጋሚውን ማን ሊያስፈታው እንደመጣ ሊያዩ ነው። ቄሱ ጥናውን ከዲያቆኑ ተቀብለው ወደኛ ዞሩ።

«የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አለ?»

እናቴ እጄን ጨበጠችው።

«እኔ አውቀዋለሁ፣ አባ» አልኩ።

«ምኑ ነሽ አንቺ? እህቱ ነሽ?»

«የሱ ጸሓፊ ነኝ። በዚያ ደብተር የነበረውን በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድግምት አልነበረም፤ የሰው ስም ነው።»

ከኋላ አንዱ «ምን አለች?» አለ። ሌላው «ዝም በል» አለው። ቄሱ ትንሽ ተመለከቱኝና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«እሺ። ማን እንበለው?»

ነገርኳቸው።

«አልሰማሁሽም ልጄ። ነፋስ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲለኝ ኖሯል። እጄን ከእናቴ እጅ አወጣሁት፤ ራቅ ብለው ወደቆሙት ዞርኩ።

«ወልደ ሰንበት!» አልኩ። «ወልደ ሰንበት ነው ስሙ!»